ለሁለት የተከፈለው የይለፍ ቃል

ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር፣ ሰው በጓዳው የሚሸሽገውን ገና ሳይሸሽገው ያውቀዋል፤ የሚገለጥበትንም ሰዓት በእጁ ይዟል። ቢያዘገየው ረስቶ አይደለም፤ ቢያፋጥነውም ቸኩሎ አይደለም። እኛ ነገሩን የምናየው ከሆነ በኋላ ነውና፣ በአንድ ማተሚያ ቤት የሆነውን እንደ ሆነ እንጽፋለን፤ ፍርዱን ግን ለባለቤቱ እንተዋለን።

ማተሚያ ቤቱን ያቋቋመው አባት ሲሞት ለሁለት ልጆቹ እኩል ተወላቸው። ታላቂቱ ሴት ነበረች፤ ከማንም ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት አጉድላ ስለማታውቅ ሠራተኛው «ሚዛን» ይላት ነበር። ታናሹ ወንድ በወጣትነቱ የወረቀት መቁረጫውን ማሽን ይሠራ ስለ ነበር «መቁረጫው» ተባለ፤ ከማሽኑ ከወረደ ከብዙ ዘመን በኋላም ስሙ ያልለቀቀው በምላሱ ምክንያት ነው። ሁለቱ ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየዋሉ፣ ዐይንና ናጫ ሆነው ኖሩ።

የጠባቸው እንብርት ከደረጃው ራስ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው፣ ሰርቨር የተባለው ዋና ኮምፒውተር ነበር። ቤቱ የሚያትማቸው መጻሕፍት ገጾች ሁሉ በእርሱ ውስጥ ተቆልፈው ይኖራሉ። ገጹ ካልወጣ ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ አይሠራም፤ ፕሌት ካልተሠራ ማሽኑ አይዞርም። ስለዚህ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው የቤቱ ጌታ ነው። አንድ ጊዜ ወንድምየው እኅቱ ያልተስማማችበትን መጽሐፍ አስወጥቶ አተመ፤ እርሷም በአጸፋው የእርሱን ደንበኛ ሥራ ቆልፋ አስቀረች። ነገሩ ወደ ክስ ሊያመራ ሲል፣ የአባታቸው ወዳጅ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ዳኛ በመካከል ገቡ።

ዳኛው ያስማሙአቸው እንዲህ ሲሉ ነው፦ የይለፍ ቃሉ ለሁለት ይከፈል፤ መጀመሪያ ወንድም ግማሹን ይጻፍ፣ ቀጥላ እኅት ግማሿን ትጻፍ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙር። ከሁለቱ አንዱ ግማሹን ያጠፋ ወይም ያጭበረበረ እንደ ሆነ፣ እርሱም ወገኑም የቤቱን አመራር ለሌላው ይልቀቁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ወደ ጠባቧ ክፍል ይገባሉ፤ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይከፍታሉ፤ እንደ ገቡም ሳይነጋገሩ ይወጣሉ።

እኅትየው ታማ በተኛች ጊዜ ግማሿን ለአንዲት ልጇ በጆሮዋ ነገረቻት፤ እስክትሸመድደውም ድረስ ደጋግማ አስባለቻት። ልጅቱ የዚያው ቤት አራሚ ናት፤ ገጽ ወደ ማሽን ሳይወርድ የፊደል ግድፈት የምትለቅም። እናቷ ተቀብራ ሐዘኑ ከተነሣ በኋላ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ለኅትመት መጣ። ወረቀቱ ተቆርጦ ተደርድሯል፤ ሠራተኛው በማሽኑ ዙሪያ ቆሟል። አጎቷ ግማሹን ጻፈ፤ እርሷም ቀጥላ የእናቷን ጻፈች። ሰርቨሩ እንቢ አለ። ደገሙት፤ ደግሞም እንቢ አለ።

«ምን አስገባሽ?» አለ አጎቷ፣ ከግድግዳው ዘወር ብሎ።

«የተሰጠኝን።»

«የተሰጠሽን ነው ወይስ የመሰለሽን? እናትሽ በመጨረሻው ሰሞን ውኃ ለማለት መስኮት ትል ነበር አሉ።»

«ይሆናል፣ ጋሼ። የእርስዎን ስም ግን አንድም ቀን አልሳተችም። ስታማዎት እንኳ ሳትሳሳት ነበር።»

አጎትየው ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም ከቁጣው የባሰ ነበር። «ምላሱንስ ወርሰሻል» አለ። «ቁልፉን ነው ያልወረስሽው።»

ከቀትር በፊት ዳኛው መጡ፤ ከውጭም አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ወፍራምና ላብ የማይለየው ሰው ነበር። ቦርሳውን ከወለሉ ላይ አኑሮ አንዱን ሲያይ አንዷን ሲያይ ቆየ።

«እናንተ ቤት ሰላምታ አይሰጥም እንዴ?» አለ።

«ሥራህን ሥራ» አለው አጎትየው።

«እሺ ጋሼ። እኔ ከማሽን ጋር ነው ጠቤ።» ተቀምጦ ጥቂት ከነካካ በኋላ ቀና አለ። «ቃሉ ከጠፋ ጠፋ ነው፤ ከዚህ ሳጥን ውስጥ ፈልቅቄ አላወጣላችሁም። ሳጥኑን ከውጭ በሚሰካ ዲስክ አስነሥቼ በግድ አዲስ ቃል መስጠት ግን እችላለሁ። ችግሩ፣ ገጾቹ የተቆለፉት በዚሁ በአሮጌው ቃል ነው። በግድ ከቀየርኩት በሩ ይከፈታል፤ ዕቃው ግን ላይነበብ ይችላል። ግልባጭ ካላችሁ ምንም አይደል። የት ነው ያለው?»

«ግልባጭ የላቸውም» አሉ ዳኛው፣ ምርኩዛቸውን እያዩ። «አንዱ ግልባጩን ይሰርቀዋል ብሎ ሌላው ፈራ። ሁለቱም ፈሩ። ስለዚህ ግልባጭ የሚባል የለም።»

«ሌባ ፈርታችሁ ቤቱን ያለ በር ሠራችሁት በሉኛ።»

«በግድ ክፈተው» አለ አጎትየው። «ገጹ ቢበላሽ ደራሲዎቹ እንደገና ያምጡ። ዋናው ነገር ውሉ ነው። ግማሹን ያጠፋ ወገን አመራሩን ይልቀቅ ተብሏል። የጠፋው የማን እንደ ሆነ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ስጽፍ የኖርኩት ይኸው ቆሜያለሁ፤ የሞተችው እሷ ናት።»

«የጠፋው የኔ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» አለች ልጅቱ።

«የኔ አይጠፋማ። የኔን እጄ ራሱ ያውቀዋል።»

ዳኛው ዐይናቸውን ከአንዱ ወደ አንዷ አመላለሱ። ውሉን ያሰሩት እርሳቸው ናቸውና፣ ቃላቸውን ማጠፍ አልቻሉም። «ልጄ» አሉአት፣ «እስከ ከሰዓት በኋላ እንጠብቅሻለን። እስከዚያ ካልተገኘ በግድ ይከፈታል፤ የእናትሽም ወንበር ለአጎትሽ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ ላደርግልሽ አልችልም።»

ልጅቱ በዚህ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያቆማት ነገር አልነበራትም። አጎቷ ወንበሩን ቢይዝ በማግስቱ ከአራሚነቷ እንደሚያስነሣት ታውቃለች፤ እርሱም እንደምታውቅ ያውቃል።

ባለሙያው ያን ጊዜ አንድ ምክር ሰጣት። «እኅቴ፣ ምናልባት ፊደሉን ኪቦርዱ አዛብቶብሽ ይሆናል። ብቻሽን ግቢና ግማሽሽን ጻፊ፤ ይቺን የዐይን ምልክት ስትነኪ ፊደሉ ይታይሻል። ያሰብሽው መሆኑን አይተሽ አጥፊው። ብቻ ወደ ውስጥ አትላኪው፤ እየተሳሳትን ከላክን ለጊዜው ይዘጋብናል። ጋሼ፣ እርስዎም ከእሷ በኋላ እንዲሁ ቢያደርጉ ጥሩ ነው።»

«እኔ ተማሪ አይደለሁም» አለ አጎትየው፣ ወጥቶም ሄደ።

ልጅቱ ወደ ጠባቧ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ክፍሏ አንድ ወንበርና አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። የሰርቨሩ ማራገቢያ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፤ የሞቀ አቧራ ሽታ አለ፤ አረንጓዴ መብራቶች ይርገበገባሉ። የአጎቷ ፊት የሚዞርበት ግድግዳ ላይ ቀለሙ በትከሻ ልክ ተልጧል። የእናቷን ግማሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፈች፤ የዐይኑንም ምልክት ነካች። አንዲት ፊደል አልተዛባችም፤ በጆሮዋ እንደ ተነገራት ነበር። ገጽ አንብቦ «ይለፍ» ማለት የእጇ ልማድ ነውና፣ አጥፊው የተባለችውን ጣቷ ቀድማ ላከችው።

ሰርቨሩ ተከፈተ።

የመጻሕፍቱ ስሞች ከላይ እስከ ታች ተዘረጉ። የትምህርት ቤቱም መጽሐፍ ከነሽፋኑ እዚያው ነበር። ልጅቱ ግን እርሱን አላየችም። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ በጉልበቷ ላይ አኖረች።

ግማሽ አልነበረም። ሙሉ ነበር። እናቷ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረ ጊዜ የጻፈውን ሁሉ አጥፍታ የራሷን ብቻ ጽፋለች። አዲስ ቃል ለማረጋገጥ ዳግመኛ ሲጠየቅም እንዲሁ አድርጋለች። ከዚያም በኋላ አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር፣ በዚህች ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በዚያ በተላጠው ግድግዳ ፊት የወንድሟን ጀርባ እያየች፣ አጥፍታለች። ይህን ሳትናገር የሞተችው አፍራ ይሁን ወይስ ሞት ቀድሟት፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጅቱ ግን የምታውቀው ይህን ነው፤ ቁልፉ በእጇ ነው፤ ቁልፉም የእናቷ ኀጢአት ነው። ወንበሩን ለማዳን ብትናገር የእናቷን ስም ትቀብራለች፤ ስሙን ለማዳን ዝም ብትል እርሷ ራሷ የእናቷን አደራ ያጠፋች ተብላ ትወጣለች፤ የሰው ልጆች ድካም የሆኑት ገጾችም አብረው ይጠፋሉ። ሦስተኛ መንገድም ነበረ፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ለስላሳ ነበር። አሁን ዝም ብላ ትቆልፈው፤ አጎቷ ዳግም ጽፎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር የጻፈውን አጥፍታ ትክፈተው። እናቷ የሄደችበት መንገድ ነው።

ሰርቨሩን ቆለፈችና ወጣች።

አጎቷ በመተላለፊያው ላይ በወረቀቱ ክምር ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ተገኘ እንዴ?» አላት። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ፊደሉ ልክ ነው።»

«እንግዲያ እናትሽ ናታ የዋሸችሽ። ለልጇ እንኳ የማታዝን።»

ወደ ማሽን ቤቱ ወረደች። ማሽኑ ቆሟል፤ ቀለም ከሮለሩ ላይ እንዳይደርቅ የማሽን ቤቱ አለቃ በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ይህ ሰው ከእናቷ ጋር ያረጀ ነው፤ እጁ በሳሙና የማይለቅ ጥቁር ሆኗል።

«እንዴት ሆናችሁ?» አላት ቀና ሳይል።

«ገና ነው።»

«እናትሽ ብትኖር እዚህ አንደርስም ነበር። መቁረጫውን ተዪው፤ እሱ ገና ጥርሱን ሲያበቅል ነው ሰው መንከስ የጀመረው። እሷ ግን ቀና ሴት ነበረች። ቀና።» ጨርቁን ጨምቆ አራገፈው።

ልጅቱ አጠገቡ ጥቂት ቆመች። በሥራዋ የተማረችው አንድ ነገር ነበር፤ አራሚ የሚወደውን ጸሐፊ ስሕተት አይቶ ቢያልፍ፣ ስሕተቱ ከጸሐፊው ወደ አራሚው ይተላለፋል። ጸሐፊውም አይድንም፤ መጽሐፉም አይድንም። አለቃው ቀና ብሎ ሊያያት ሲል ወደ ላይ ተመለሰች።

ሰዎቹ በጠባቧ ክፍል በር ላይ ተሰብስበው ነበር። ባለሙያው ዲስኩን ይዞ ሊጀምር ጎንበስ ብሏል።

«አትጀምር» አለችው።

«ደግሞ ምን ተገኘ?» አለ አጎቷ።

«ሰርቨሩ ይከፈታል። የጋሼ ሳይገባበት፣ በእናቴ ብቻ ይከፈታል። አሁን ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

ዳኛው ወደ እርሷ ቀረብ አሉ። «እንዴት ይሆናል? ቃሉን ሲያበጁ እኔ ራሴ በዚህ በር ላይ ቆሜ ነበር።»

«እርስዎም ፊትዎን አዙረው ነበር፣ አባባ። እናቴ የጋሼን አጥፍታ የራሷን ብቻ ጻፈች። ሁልጊዜም እንደዚያ ስታደርግ ኖራለች። አጭበርብራለች።»

«ይሆናል» አለ ባለሙያው። «ሳጥኑ እንደሁ ማን ጻፈ ብሎ አይጠይቅም። በመጨረሻ የተገኘበትን ይቀበላል።»

አጎትየው ሣቀ። ሣቁ ረዘመ፤ ከታች ያሉት ሠራተኞች እንኳ ቀና እስኪሉ ድረስ። «ሚዛን» አለ። «ሚዛን ትሏት ነበር። ጣቷን ከሚዛኑ ላይ ሳታነሣ ሞተችላችሁ። እኔን ሞኝ ያደረገችኝ መስሏታል። አንድ ጊዜ ጣቴን ወረቀት ቆርጦኝ በፋሻ ጠቅልዬ ገባሁ፤ ስጽፍ ሳትኩት። ቆይ ልላት ስል ቀድማ ተቀመጠች፤ ተከፈተም። ያን ቀን ነው ያወቅኋት። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱን እንዲያው እንደ ከበሮ ነበር የምደበድበው። በፍርድ ቤት ላዋርዳት ቀን ስጠብቅላት፣ አመለጠችኝ።»

ዳኛው በሕይወት ዘመናቸው ብዙ ሰው በራሱ አፍ ሲታሰር ያዩ ነበሩና አልቸኮሉም።

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ያስገባኸው ምንድን ነው?» አሉ።

አጎትየው አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው።

«ምነው፣ ምላስ አይቸግርህም እኮ።»

«እንደ ልማዴ ነዋ።»

«እንደ ልማድህ ደበደብክ። የእሷ ብቻውን እንደሚከፍት እያወቅህ፣ ከፊቱ ገለባ እየበተንህ፣ ይህቺን ልጅ ግማሽሽን አጠፋሽ አልካት። እናቷን ዋሸችሽ አልካት። የሰው መጽሐፍ ይጥፋ ብለህ በግድ ክፈቱ አልክ። ይህን ሁሉ እያወቅህ።»

«ያጭበረበረችው እሷ ናት» አለ፤ ድምፁ ግን ቀድሞ የነበረው አልነበረም።

«ጋሼ» አለ ባለሙያው፣ ለማላገጥም ለመጠየቅም በሚመስል ድምፅ፣ «እውነተኛውን ግማሽዎን አሁን ያስታውሱታል?»

አጎትየው ወደ ተላጠው ግድግዳ አየ። «ማን ያስታውሰዋል» አለ።

ዳኛው ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንግዲህ ውሉን እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ እኔው ልፍታው። ያጭበረበረ ይልቀቅ ብለናል፤ እናትሽ አጭበርብራለች። ግማሹን ያጠፋ ይልቀቅ ብለናል፤ አንተ አጥፍተሃል፤ አውቀህም ደብቀሃል። ስለዚህ ሁለታችሁም ለሌላኛችሁ ልትለቁ ነው። እንዴት እንደምትለቃቀቁ ለእኔ አልታየኝም። ፊት አዙሩ ብዬ ያዘዝኩ ቀን ነው የተሳሳትኩት። ሰው ሰውን እያየ ካልታመነ ጀርባውን ሰጥቶ አይታመንም።» ወደ ባለሙያው ዘወር አሉ። «ሌላ መንገድ አለህ?»

«አለኝ። ለሁለቱም በየስማቸው የየራሳቸው መግቢያ እሰጣለሁ። ማን ገባ፣ ማን ምን አወጣ፣ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል፤ ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ግልባጩን ደግሞ ከዚህ ቤት ውጭ እናኑር። እርስዎ ዘንድ ቢሆንስ?»

«ይሁን።»

«እኔ አልተስማማሁም» አለ አጎትየው።

«በገዛ አፍህ ከተናገርኸው በኋላ ያንተን መስማማት የሚጠብቅ የለም» አሉት።

ልጅቱ ተቀምጣ የእናቷን ቃል ጻፈች፤ ማንም ፊቱን አላዞረም። ሰርቨሩ ተከፈተ። ባለሙያው ተተክቷት ሥራውን ሲጀምር፣ አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ነገ ይህ ሠራተኛ በሙሉ እናትሽ ማን እንደ ነበረች ይሰማል» አላት። «ከእኔ አፍ ይሰማል።»

«ነገ አይደለም» አለችው።

ወደ ማሽን ቤቱ ወረደች። አለቃው ጨርቁን እንደ ያዘ ነበር፤ ሌሎቹም በወረቀቱ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ቆማ እናቷ ያደረገችውን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ አላሳነሰችውም፣ አላስዋበችውም፤ አጎቷም ያደረገውን ጨምራ። ከላይ ከደረጃው ራስ ላይ እርሱ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሊናገረው ያሰበውን ሁሉ ቀድማ ስለ ወሰደችበት የሚጨምረው አጣ።

አለቃው ጨርቁን አጥፎ ከሮለሩ ላይ አስቀመጠ፤ መልሶም አነሣው። በፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን ነው ወይስ ቁጣ፣ ልጅቱ መለየት አልቻለችም። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ «እኛንስ ስንት ጊዜ አታላ ይሆን?» አለ፤ ማንም ዝም በል አላለውም። ልጅቱም አላለችውም። ያን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ትሰማዋለች።

«እንግዲህ» አለ አለቃው በመጨረሻ፣ ዐይኑን ከእርሷ መልሶ፣ «ገጹን አውጪልን። ቀለሙ እየደረቀ ነው።»

ወደ ላይ ስትመለስ አጎቷ በደረጃው ላይ መንገዷን ዘግቶ ቆመ።

«ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ» አላት።

«እቆማለሁ፣ ጋሼ። እስከዚያ ግን የሽፋኑን ወረቀት ያስቆርጡልኝ።»

ጥቂት አያት። ከዚያ በፍቅር ሳይሆን ሌላ የሚለው ስላልነበረው ወደ ጎን ሆነ፤ እርሷም አልፋ ወደ እናቷ ወንበር ገባች። ከታች ማሽኑ ተነሣ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ይውላሉ፤ ሰላም አይባባሉም፤ ዐይን ለዐይን ግን ይተያያሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ጊዜውን የሚያውቅ ጌታ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ወንድምን ከእኅት፣ ልጅን ከእናት የሚለይ ጥርጥር ደጃፍህን አይርገጥ፤ በማዕድህ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ አንዱ የአንዱን ፊት ሳይፈራ የሚያይበት በረከት ይብዛላችሁ። አሜን።